አስመሳይ ገፀ ባህሪ ያለበት ቴአትር ስንሰራ እኛው አስመሳይ እንዳንሆን (ለጅማ የቴአትር ክበቦች)

ሰላም ናችሁ። ይሄ ፅሁፍ ጅማ ውስጥ በወጣት ማእከልም ሆነ በትምህርት ቤት ወይ በካምፓስ ቴአትር ለምትሰሩ ልጆች ነው፣ በተለይ ደግሞ "አንድ አጭበርባሪ የሌላ ሰው ባህል ለብሶ ሲነግድ" የሚል ነገር ለመፃፍ ላሰባችሁ። ርእሱ ጥሩ ርእስ ነው፣ ጅማ ደግሞ ለዚህ ርእስ የተፈጠረች ከተማ ናት፣ ኦሮሞው የሙ ዳውሮው ከፋው ጉራጌው አማራው አንድ ገበያ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ማን ከማን ምን እንደወሰደ መቁጠር ብትጀምሩ አይመሽም አይነጋም። ግን ሁለት ነገር ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንዱ ቴአትሩ ስብከት ይሆንና ተመልካቹ ገና ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ሌላው ደግሞ የባሰው ነው፣ ባህል ነጠቃን አወግዛለሁ የሚለው ቴአትር እራሱ ከሰው ሳይጠየቅ በተወሰደ ልብስ፣ ዜማና ምርቃት ታጭቆ ይወጣል። ስለዚ ከፅሁፉ ጀምሬ እስከ ፖስተርና ክሊፕ ድረስ እንዴት እንደምሰራው ልፃፍላችሁ።

መጀመሪያ መዋሸትና መውሰድ ይለያዩ

አብዛኛው ጀማሪ ደራሲ ሁለቱን አንድ ሰው ላይ ይጭናቸዋል። አንድ መጥፎ ሰውዬ አለ፣ ማንነቱን ይዋሻል፣ ባህሉንም ይዘርፋል፣ መጨረሻ ላይ ይጋለጣል፣ ጭብጨባ፣ መጋረጃ። በቃ። ይሄን ተመልካቹ አዳራሽ ሳይገባ ፖስተሩን አይቶ ያውቀዋል።

ሁለቱ ግን የተለያየ ነገር ነው። ሰው ማንነቱን ዋሽቶ ከማንም ምንም ላይወስድ ይችላል፣ ደግሞ አንዲት ቃል ሳይዋሽ ሁሉንም ነገር ይዞ የሚሄድ አለ። እኔ ቴአትሩን የምሰራው እዚች ልዩነት ላይ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ታሪክ እንፍጠር። ሳሚ የሚባል ልጅ አለ፣ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ አሁን እንግዳ እያስጎበኘ "እኔ የአባ ጅፋር ዘር ነኝ" እያለ አዲስ በርጩማ የድሮ ነው ብሎ ይሸጣል። አባ ቢያ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ በርጩማውን የሚሰሩት እሳቸው ናቸው። ሰሚራ አለች፣ ጀበና ቡና ትሸጣለች፣ ሁሉን ነገር ታያለች። ከአዲስ አበባ ደግሞ ሜሮን ትመጣለች፣ የቤት እቃ ቢዝነስ አላት፣ ጨዋ ናት፣ አትዋሽም፣ የጠጣችበትን ትከፍላለች፣ ፎቶ ስታነሳ እንኳን "አባቴ ባነሳ ቅር ይልዎታል?" ብላ ነው፣ አባ ቢያም "አንሺ ልጄ፣ ፎቶ ምን ይጎዳኛል" ይሏታል።

አያችሁ አሁን፣ የመጀመሪያው ገቢር (የቴአትሩ ክፍል) ላይ ተመልካቹ ሳሚን ነው የሚይዘው፣ ይስቅበታል ይናደድበታል። ሁለተኛው ገቢር ላይ ሜሮን አዲስ አበባ ሾውሩም ውስጥ የአባ ቢያን ቅርፅ በፋብሪካ አሰርታ በራሷ ስም ስትሸጥ ስናይ ነገሩ ይገለበጣል። ሳሚ ሁለት ሶስት በርጩማ ነው በውሸት የሸጠው፣ ለዛውም ለአባ ቢያ ከፍሎ የገዛውን። ሜሮን ምንም አልዋሸችም። ይሄ ነው ሰውን ከአዳራሽ ሲወጣ የሚያጨቃጭቀው፣ ያ ጭቅጭቅ ከሌለ ቴአትሩ ለምን ተሰራ።

እና ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም የቴአትር ክበብ ማለት በአብዛኛው ሜሮን ነው። ክበባችሁ ሰው ላይ አይዋሽም። ይወስዳል ግን።

ውሸቱን ተታላዩ ይጀምረው

ሳሚ ገና እንደወጣ "የንጉስ ዘር ነኝ" ካለ አለቀለት፣ ካርቱን ሆነ። የእውነት አጭበርባሪ እንደዛ አይሰራም፣ ቁጭ ብሎ ሰውየው ምን መስማት እንደሚፈልግ ነው የሚጠብቀው። ትዕይንቱን እንዲህ ክፈቱት፣ ሳሚ በርጩማ ሊሸጥ ነው እንጂ ሌላ ሀሳብ የለውም፣ ሜሮን ናት አገላብጣ አይታ "ውይ ይሄ የቤተመንግስት ነው እንዴ?" የምትለው። ሳሚ ዝም ይላል። እዚጋ ተዋናዩን አትቸኩሉበት፣ ዝምታው ይርዘም፣ ተመልካቹ የሳሚን ጭንቅላት ሲዞር ማየት አለበት። ከዛ "...አዎ"። አንዲት አዎ። ከዚች በኋላ ያለው ውሸት ሁሉ የመጀመሪያዋን አዎ ለማቆም የሚመጣ ድጋፍ ነው፣ አዎ ካለ ዘር መሆን አለበት፣ ዘር ከሆነ ልብስ ያስፈልገዋል፣ ልብስ ካለ ስርአት ማሳየት አለበት፣ እያለ ይሄዳል።

ለሳሚ አንድ አጣብቂኝ ልስጣችሁ፣ በህግ የተቀመጠ ነው። በቅርስ አዋጁ (አዋጅ ቁጥር 209/1992) መሰረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣት ክልክል ነው። እንግዳው የውጭ ሰው ቢሆን አስቡት፣ በርጩማው የእውነት የቤተመንግስት ከሆነ ሳሚ ወንጀል ውስጥ ገባ፣ ካልሆነ ደግሞ አታላይ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ሳሚ እራሱን ለማዳን "ውሸቴን ነው፣ ትላንት ነው የተሰራው" ብሎ መማል አለበት፣ ሰውየው ግን አሁን እውነቱን ሲናገር ማንም አያምነውም። ይሄ ብቻውን የሀያ ደቂቃ ኮሜዲ ነው፣ ነፃ ነው ውሰዱት።

እኛም ተለብሰናል

ይሄ ነገር ጥቁርና ነጭ፣ እነሱና እኛ እንዳይመስላችሁ አንድ የእውነት ታሪክ ለልምምድ ቡድኑ ንገሩ። እ.ኤ.አ በ1910 የካቲት ወር፣ በኛ 1902 ጥር መጨረሻ ላይ ማለት ነው፣ አጤ ምኒልክ ታመው በነበሩበት፣ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ነግሰው ባሉበት ጊዜ፣ ስድስት እንግሊዛውያን ጓደኛሞች የአቢሲኒያ መሳፍንትና አጃቢ ነን ብለው የእንግሊዝ ባህር ሀይልን ዝነኛ የጦር መርከብ ድሬድኖትን ጎበኙ። ከመሀላቸው አንዷ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት፣ ፂም ለጥፋ። ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ጥምጥምና ካባ ከቴአትር አልባሳት ነጋዴ ተከራይተው ነው የሄዱት። በውጭ ጉዳይ ባለስልጣን ስም የሀሰት ቴሌግራም አስቀድመው ልከው ስለነበር መርከቡ በክብር ተቀበላቸው።

አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱት፣ ቴአትር ሰሪ ነኝ የሚል ሰው በዚህ ካልተማረ በምን ይማራል። ባህር ሀይሉ የኢትዮጵያ ባንዲራ አላገኘም፣ የዛንዚባርን ሰቀለ፣ መዝሙሩንም የዛንዚባርን አስመታ። "እንግዶቹም" አልገባቸውም። የቨርጂኒያ ወንድም አስተርጓሚ ነኝ ብሎ ከትምህርት ቤት የሚያስታውሰውን የላቲንና የግሪክ ግጥም እያጣመመ "አማርኛ" አደረገው። ምግብ ሲቀርብላቸው አልበሉም፣ ቀለሙ ከከንፈራቸው እንዳይለቅ። የአንዱ ፂም መነሳት ጀምሮ ነበር። መርከቡ ላይ ከነበሩት መኮንኖች አንዱ ደግሞ የእነ ቨርጂኒያ የአክስት ልጅ ነው፣ አላወቃቸውም!

እና ለምን ተሳካላቸው? ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም፣ ትወናው የሚያሳፍር ነው። እዛ መርከብ ላይ አንድም ሀበሻ ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ አማርኛ የሚሰማ ሰው ቢኖር በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ከዚህ የወሰድኩት የስራ ህግ፣ የሚያውቅ ሰው ሁሌም እዛው መኖር አለበት የሚል ነው፣ መድረኩ ላይም ልምምዱ ላይም ተመልካቹ ወንበር ላይም።

የምታውቀዋ ሰው

መድረኩ ላይ የሚያውቀው ሰው በኛ ታሪክ ሰሚራ ናት። ስራዋ ሳሚን ማጋለጥ አይደለም፣ ቶሎ ካጋለጠችው ቴአትሩ አለቀ። ስራዋ ማወቅ ነው፣ እያወቀች ስኒ ማጠብ። ለምሳሌ፦

ሳሚ፦ ይቺ በርጩማ ሞቲው (ንጉሱ) ራሳቸው ጠዋት ጠዋት ቡና የጠጡባት ናት።
ሰሚራ፦ (ስኒ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ በኦሮምኛ) ትላንት ከአባ ቢያ ቤት በባጃጅ ያመጣሃት አይደለች እንዴ? ቅባቷ እንኳን አልደረቀም እኮ።
ሜሮን፦ ምን አለች?
ሳሚ፦ እንኳን ደህና መጣሽ ነው ያለችሽ።
ሜሮን፦ (ለሰሚራ፣ በሙሉ ፈገግታ) እናመሰግናለን!

የሰሚራን መስመር በኦሮምኛ ነው የምታስቀምጡት፣ ትርጉምም በድምፅ ማጉያ ምናምን እንዳታስገቡ። ጅማ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ወዲያው ይስቃል፣ ከሌላ ክልል የመጣው የካምፓስ ተማሪ ደግሞ "ምንድነው የሚያስቃቸው" ብሎ ይዞራል፣ ጎኑ ያለው ያስረዳዋል። ያ ዘግይቶ የሚመጣው ሳቅ ወርቅ ነው። አዳራሹ እራሱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፣ የሚያውቅና የማያውቅ፣ ሜሮን የትኛው ጋ እንዳለች ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይሄንን አዲስ አበባ ብትሰሩት እንደዚህ አይሆንም፣ የጅማ እድል ነው፣ ተጠቀሙበት።

ኦሮምኛውን ግን ተዋናይዋ የአፍ መፍቻዋ ካልሆነ በጅማ አነጋገር የሚያስተካክል ሰው ይኑር። ከመፅሀፍ የተገለበጠ ኦሮምኛ ቡና የምትሸጥ ልጅ አፍ ውስጥ ሲገባ እራሱ ሌላ ውሸት ነው።

ስህተቱን መርጣችሁ አስገቡ

የሳሚ ውሸት ስህተት እንዲኖረው ያስፈልጋል፣ ግን ዝም ብሎ የማይረባ ነገር አይሁን፣ ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው አይነት ስህተት ይሁን። ለምሳሌ ሳሚ ግንባሩ ላይ ከላቻ (በገዳ ስርአት ግንባር ላይ የሚታሰር የክብር ምልክት) አስሮ ወጥቶ "ይሄ የአባ ጅፋር ዘውድ ነው" ይበል። ከላቻ ከነቦረና ጋር ነው ሰው የሚያውቀው፣ የጅማ ነገስታት ደግሞ ሙስሊም ነገስታት ነበሩ፣ የገዳውም ስርአት እዚህ በነገስታቱ ዘመን ተዳክሞ ነበር። ሳሚ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ሁሉ ደራርቦ ነው የለበሰው። የማያውቅ ሰው "እንዴት ያምራል" ይላል፣ የሚያውቅ ሽማግሌ ደግሞ አገጩን ይይዛል። (የከላቻው ነገር የፕሮፕ፣ የመድረክ እቃ ማለት ነው፣ ስራ ሲሆን በግልፅ ከካርቶን የተሰራ ይምሰል፣ ለሌላው ህዝብ ክብር ያለው ነገር ነውና እውነተኛውን አምጥታችሁ መሳቂያ እንዳታደርጉት።)

ከስህተቱ በላይ ግን አጭበርባሪን የሚያሳየው የሚዘለው ነገር ነው። ሳሚ ስለ አባ ጅፋር ሲያወራ ምን ያወራል? ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ ከ1878 እስከ 1932 መግዛታቸውን፣ ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን ማቆየታቸውን፣ የጅሬኑን ቤተመንግስት፣ ቁመታቸውን፣ ፈረሳቸውን። ጥሩ። ጅማ ያለው የሂርማታ ገበያ ላይ በዛ ዘመን ከቡናና ከማሩ ጋር ሰውም ይሸጥ እንደነበር ግን አይናገርም። ለእንግዳ የሚሸጥ ታሪክ ውስጥ ባሪያ ንግድ አይገባም፣ ፎቶ አይወጣለትማ። ሌላ ገፀ ባህሪ፣ ከዳውሮ ወይ ከከፋ የመጣ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ አረፍተ ነገር "የኔንስ አያት ለምን አትነግራትም?" ቢለው ሳሚ መልስ የለውም። እኔ ይሄንን ትዕይንት እወደዋለሁ፣ አንዳንድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፣ ይበለው። የንጉስ ዘር ነኝ የሚል ውሸት ላይ ቴአትር ሰርታችሁ ይሄን ከዘለላችሁ እናንተም እንደ ሳሚ አስጎብኝ ሆናችኋል ማለት ነው።

ከመፃፋችሁ በፊት ጅሬን ውጡና ቤተመንግስቱን እዩት፣ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ከተማ ውስጥም ሙዚየሙ አለ፣ የቤተመንግስቱን እቃዎችና የድሮ በርጩማዎችን ታያላችሁ። አስጎብኚዎቹ እንዴት እንደሚያወሩ አዳምጡ፣ ለሳሚ ቃለ ተውኔት ከዛ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም (ሳሚ እነሱን እየኮረጀ ነው የሚያወራው፣ እነሱ አጭበርባሪ ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ግልፅ ይመስለኛል)።

የውሸት ስርአት እንዴት ይፃፋል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙው ክበብ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሳሚ ለእንግዳዋ "የቤተመንግስት የቡና ስርአት" የሚያሳይበት ትዕይንት ይኖራል። ፈጣኑ መንገድ ምንድነው፣ እውነተኛ ምርቃት ወስዶ ሳሚ አፍ ውስጥ ማስገባት፣ ከኋላ መንዙማ በስፒከር መልቀቅ፣ ቡና ቀላ (በቅቤ የሚጠበሰውን ቡና) ማቅረብ። ሞቅ ይላል፣ ያምራልም። ግን አስቡት፣ መንዙማ ጅማና አካባቢው ላይ ሰው ሀድራ (የፀሎት ስብስብ) ተቀምጦ ለነብዩ የሚያዜመው ውዳሴ ነው፣ የትዕይንት ማሟሟቂያ አይደለም። የሽማግሌ ምርቃትም ሰው እጁን ዘርግቶ አሜን የሚልበት ነው፣ መድረክ ላይ አጭበርባሪ ሲለው አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ከልማድ አሜን ቢሉስ? ያን ጊዜ ሳሚ ሳይሆን እናንተ ናችሁ ያታለላችኋቸው። በነገራችን ላይ ይሄ የምገምተው ነገር አይደለም፣ ምርቃት የሰማ ሀበሻ አሜን ሳይል ማለፍ አይችልም።

የኔ መፍትሄ የሳሚን ስርአት ከዜሮ መፍጠር ነው። ምርቃቱ ውስጥ አንድም እውነተኛ የምርቃት መስመር አይኑር። ሳሚ የሚያውቀውን አለም ተጠቀሙ፣ ባጃጅ ነጂ ነበር አይደል? የባጃጅ ተራ አስከባሪ ጩኸትን ዝግ ባለ ድምፅ፣ እጅ ዘርግቶ፣ እንደ ምርቃት ይበለው። "መርካቶ አንድ ሰው፣ ኮቺ አንድ ሰው፣ የሞላ ይሂድ..." ሜሮን አይኗን ጨፍና ትሰማለች። አዳራሹ ይፈነዳል፣ የማንም ፀሎት ግን አልተነካም። ድሬድኖት ላይ ያ አስተርጓሚ የላቲን ግጥሙን እንደተጠቀመበት ነው፣ አስመሳይ ሰው ባዶ ሲሆን ከራሱ ኪስ ነው የሚያወጣው።

እውነተኛውስ ስርአት? ቴአትሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ግን አጠር ብሎ፣ ሳሚና ሜሮን በሌሉበት። አባ ቢያ ማታ ቤታቸው ለሰሚራ ቡና ሲያስፈሉ ለምሳሌ፣ ቃሉ ሳይሰማ፣ ጀርባቸውን ለተመልካቹ ሰጥተው። ሁሉን ነገር ለተመልካች ማሳየት ግዴታ አይደለም።

መጠየቅና መክፈል

የሌላን ሰው ነገር መድረክ ላይ ማምጣት ክልክል ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ ከሆነ ጅማ ውስጥ ምንም አይሰራም፣ ሁላችንም የተደባለቅን ነን። ግን ህዳር 29፣ የብሄር ብሄረሰቦች ቀን ሲመጣ እንደሚደረገው አንድ ልጅ ሶስት ደቂቃ ዳውሮ፣ ሶስት ደቂቃ የም፣ ልብስ ቀይሮ ሶስት ደቂቃ ከፋ እየሆነ የሚወጣበትን ነገር እዚህ አትድገሙት። የዳውሮ ዲንካ ድምፅ ካስፈለጋችሁ ዲንካ የሚነፉ ሰዎችን ፈልጉ፣ ዲንካ ማለት ረጃጅም የትንፋሽ መሳሪያዎች ናቸው፣ ብዙ ሰው ሆኖ እየተቀባበለ ነው የሚነፋው፣ አንድ ልጅ ፕላስቲክ ቱቦ ይዞ የሚያስመስለው አይደለም። ማግኘት ካልቻላችሁ ትዕይንቱን ያለዲንካ ፃፉት።

በርጩማውን በተመለከተ፣ የጅማ በርጩማ ባለ ሶስት እግሩ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ ተገጣጥሞ አይደለም የሚሰራው። ተመልካቹ ይሄን ያውቃል፣ በሚስማር የተመታ ነገር መድረክ ላይ ካስቀመጣችሁ የመጀመሪያው ረድፍ ያያል። እንጨት ሰሪ ጋ ሂዱ፣ ታሪኩን ንገሩት፣ "አንተን የመሰለ ሰው ቴአትሩ ውስጥ አለ" በሉት። ግዙ ወይ ተከራዩ፣ በነፃ ስጠን አትበሉ። ከቻላችሁ አንድ ሙሉ ከሰአት ቁጭ ብላችሁ ሲሰራ እዩት፣ አባ ቢያን የሚጫወተው ተዋናይ መጥረቢያ አያያዙን ከዛ ነው የሚያገኘው። ሰውየው ምን እያለ እንደሚሰራ፣ ምን እንደሚያማርረው ስሙ፣ ፅሁፋችሁ ውስጥ የእሱን አባባል ካስገባችሁ ደግሞ ንገሩት፣ ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ይውጣ፣ እሱ ከፈለገ ብቻ።

ሙዚቃ ላይ ህጉ ግልፅ ነው፣ ደራሲው የሚታወቅ ዘፈን ከሆነ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ (410/1996) መብቱ በህይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 አመት የተጠበቀ ነው፣ "ትንሽ ክበብ ነን" ማለት አያድንም። ደራሲው የማይታወቅ የህዝብ ዜማ ላይ ለማስፈቀድ ቢሮ የሚጠራችሁ ላይኖር ይችላል፣ ሰዎቹ ግን አሉ፣ እነሱን ጠይቁ።

ስትጠይቁ ደግሞ ፅሁፉ ሳያልቅ ጠይቁ። ፖስተር ከተለጠፈ በኋላ ሽማግሌ ጠርቶ "እስቲ አስተያየት" ማለት ማስፈረም እንጂ መጠየቅ አይደለም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2018 ስሙ የገነነ አዘጋጅ ሮበርት ለፓዥ ስለ ካናዳ ቀደምት ህዝቦች ቴአትር ሲያዘጋጅ ከነሱ አንድም ተዋናይ አልነበረበትም፣ ሰዎቹ "ያለኛ?" ብለው ሲቃወሙ ገንዘብ ያዋጡ የነበሩ አካላት እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ስራው ለጊዜው ቆመና በኋላ ፓሪስ ላይ ታየ። ያን ያህል ልምድ ያለው ሰው እንኳን መጀመሪያ መጠራት ያለበትን መጨረሻ ላይ ነው የጠራው።

"አይሆንም" ካሏችሁስ? አይሆንም ማለት አይሆንም ነው፣ አንድ ነገር ግን ማድረግ ትችላላችሁ፣ ያ እንቢታ እራሱ ትዕይንት ይሁን። ሜሮን አንድ ነገር ጠይቃ አባ ቢያ በትህትና ሲከለክሏት ምን ታደርጋለች? እዛ ላይ ነው ጨዋነቷ የሚፈተነው።

አነጋገር፣ ቀለም፣ ማን ይጫወት

አጭር ነው። ፊት ማጥቆር ማቅላት የለም። የአነጋገር ቀልድ፣ ያ ኮሜዲ ላይ የለመድነው ዘበኛው ወይ የገጠሩ ሰው አማርኛ ሲሳሳት የሚሳቅበት ነገር፣ ይቅር። አንድ ለየት የሚል ነገር አለ፣ ሳሚ ሆን ብሎ አማርኛውን ሰብሮ ቢያወራስ? ሜሮን ፊት "የድሮ ሰው" ለመምሰል ይኮላተፋል፣ ዞር ስትል በአራዳ ቋንቋ ስልክ ያወራል። ያኔ የሚሳቀው በአነጋገሩ ሳይሆን ያን አነጋገር በምትጠብቀው ሜሮን ላይ ነው። ልዩነቷ ቀጭን ናት፣ ልምምድ ላይ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ቁጭ ብለው ካልሳቁ አውጡት።

ማን ማንን ይጫወት የሚለው ላይ እኔ በጣም ጥብቅ አይደለሁም፣ ጉራጌው ልጅ አባ ቢያን ቢጫወት ትወና ነው። ብቻ የሚያውቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ አዘጋጁ ወይ ረዳቱ ወይ ደራሲው። አሜሪካዊው ፀሀፌ ተውኔት ዴቪድ ሄንሪ ህዋንግ በ2007 እ.ኤ.አ ባወጣው "የለው ፌስ" (ቢጫ ፊት) በሚባለው ስራው ላይ ያደረገውን ብትሰርቁ ግን አልከፋም። ነጭ ተዋናይ የእስያ ሰው ሆኖ መመደቡን ሲቃወም የነበረ ደራሲ በስህተት እራሱ ነጭ ተዋናይ እንደ እስያዊ ቀጥሮ ሲሸፋፍን ያሳያል፣ እና ያ ሞኝ ደራሲ እራሱ ህዋንግ ነው፣ በራሱ ስም። እናንተም ሶስተኛ ገቢር ላይ አንድ የቴአትር ክበብ አባ ቢያ ቤት መጥቶ "ታሪክዎን ልንሰራው ነበር" ቢልስ? እኔ ብሆን አስገባዋለሁ።

ልምምድና ትርኢቱ

ለባለቤቶቹ የሚሆን አንድ የልምምድ ቀን ለብቻ ያዙ፣ ያለ መብራትና ያለ ኮስቲዩም፣ ሻይና ዳቦ ይኑር፣ ሽማግሌዎችም ይምጡ እንጨት ሰሪውም ቡና የምትሸጥም ይምጡ። ሲያዩ ፅሁፉን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልከቱ። የት ሳቁ፣ የት ዝም አሉ፣ የት እርስ በርስ ተያዩ። ከዛ በኋላ "ምን ተሳሳትን" ብላችሁ ጠይቁ፣ "ወደዳችሁት ወይ" አትበሉ፣ እንግዳ ተቀባይ ሰው ወደድነው ነው የሚላችሁ።

መድረክ ላይ ጭስና እሳት ካለ አዳራሹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ መብራት ቢጠፋ ቴአትሩ በፋኖስና በስልክ ባትሪ እንዲቀጥል ትዕይንቶቹን ተለማመዱ፣ ይሄን ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ማለቂያው ላይ ሳሚ አልቅሶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ትዕይንት እንዳትፅፉ እለምናችኋለሁ። ሜሮንም አትንበርከክ። ሜሮን እኮ ከልቧ ምንም እንዳላጠፋች ነው የምታምነው፣ እንደዛ ሆና ትውጣ። ሳሚ ደግሞ ነገ ሌላ እንግዳ አለበት።

ፖስተሩና ክሊፑ

ፖስተር ላይ ሳሚን ከነ ከላቻው ብቻውን ካወጣችሁት የሚያየው ሰው ይሄ የባህል ትርኢት ነው ብሎ ነው የሚመጣው ወይ የሚቀየመው። ካርቶኑ ይታይ፣ ዋጋ የተለጠፈበት በርጩማ ይታይ፣ ሰሚራ ከኋላ ትታይ።

ከዚህ የሚብሰው ቲክቶክ ነው። ከአንድ ሰአት ቴአትር ላይ ሰላሳ ሰከንድ ተቆርጦ ሳሚ እጁን ዘርግቶ "ሲመርቅ" ብቻ ቢወጣ ከጅማ ውጪ ያለ ሰው ምኑን አውቆ፣ እነዚህ ልጆች ሽማግሌ ላይ እየቀለዱ ነው ነው የሚለው፣ አይፈረድበትም። ስለዚ ከመጀመሩ በፊት መቅረፅ አይቻልም ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ ሰው መቅረፁ አይቀርም። እናንተው ቀድማችሁ ሁለት ክሊፕ ቅረፁና አዘጋጁ፣ አንዱ የሰሚራ "ቅባቷ አልደረቀም" ያለችበት፣ ከነትርጉሙ ከስር ተፅፎ፣ ሌላው የሜሮንና የአባ ቢያ የፎቶው ትዕይንት። ለተመልካቹ ሲወጣ "እነዚህን አጋሩ" በሉ። የምርቃቱን ትዕይንት ግን የግድ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ከባጃጅ ተራው ጩኸት ጀምሮ ሰሚራ ሳቋን እስከምታፍንበት ድረስ ሳይቆረጥ ይውጣ፣ በሰሚራ በኩል ካለ ካሜራ ተቀርፆ።